ድግምት ይደገማል

መምህር ገዳሙ ማረፋቸውን የነገረኝ ከድር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጬ ጀርባቸው የተላጠ መጻሕፍት ላይ ቁጥር ስለጥፍ ስልኬ ጠራ። «እትዬ ባንቺ፣ ጋሼ አርፈዋል። ቀብሩ ነገ አማኑኤል ነው» አለኝ። «ነፍስ ይማር» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ሕጉን ሳያስተካክሉት?» አልኩ። «እኔም መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው» አለ ከድር።

ሰው ሞቶ የሚታወስ ሕግ ምን ዓይነት ሕግ ነው የሚል ይኖራል። የጨዋታ ሕግ ነው፤ ያውም ባለ አንድ መስመር። በዚያች መስመር የተነሳ ከመምህር ገዳሙ ጋር ሁለት ዓመት ተጨቃጭቄያለሁ። አላሸነፍኩም፤ አልተሸነፍኩምም። ሰውን በአንቱታ መቆጣት እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል። ንዴቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ «እርስዎ» የሚለው ቃል መሐል ይገባና ቁጣውን ልመና ያስመስለዋል።

መምህር ገዳሙ እኔ መጻሕፍት በማድልበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው በጠመኔ የነጣ፣ ዝናብ ኖረ አልኖረ ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ቤት ገብተው፣ አኮፋዳ አንግተው ቁራሽ እየለመኑ ሰባት ዓመት ተምረዋል። ሳይመረቁ ነው የወጡት። ለምን እንደወጡ ሲጠየቁ መልሳቸው ይለዋወጣል፤ አንዴ ሕመም ነው፣ አንዴ የየኔታ ሞት፣ አንዴ «ሒሳብ ጠራኝ» ነው። እሳቸው ቅኔ ቤቱን ይልቀቁ እንጂ ቅኔው አልለቀቃቸውም። በእሳቸው ዘንድ ሰምና ወርቅ የሌለው ነገር አልነበረም፤ በተለይ ስሕተታቸው።

ሰሌዳው ላይ ሰባት ጊዜ ስምንትን ሃምሳ አራት ብለው ይጽፋሉ። ተማሪዎች «መምህር፣ ሃምሳ ስድስት ነው» ይላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አጥፍቶ ይጽፈዋል። እሳቸው ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሌባ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ «ወርቁን አላያችሁትም» ይላሉ። ሃምሳ አራቱ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ማን እንደተኛ ማን እንደነቃ መለየት ነው። ክፍሉ ይስቃል። እኔም ሲነገረኝ ስቄያለሁ። ስሕተቱ ሁሉ ወርቅ ከሆነለት ሰው ጋር አንድ ሥራ አብሮ መሥራት ምን እንደሚመስል ገና አላየሁም ነበር።

ጨዋታውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ወጣት የኮምፒውተር መምህር ሲዛወር በፍላሽ ትቶላቸው የሄደ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ መዝገበ ቃላት ታቅፈው ወደ አማርኛ መለሱት። አጨዋወቱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ዳኛ ሆኖ ታሪክ ያወራል፤ የቀሩት ታሪኩ ውስጥ ገብተው እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ። ዳኛው «ድልድዩ ላይ ሽፍቶች ቆመዋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንዱ ጎራዴ እመዛለሁ ይላል፣ አንዷ ቁስለኛ አክማለሁ ትላለች፣ ሌላዋ ድግምት እጥላለሁ ትላለች። የተባለው መሳካት አለመሳካቱን ዕጣ ይወስናል። «የትልልቅ ሰው ተረት ተረት» ይለው ነበር ከድር።

ለዕጣው መጽሐፉ ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጠይቃል። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህ ከየት ይመጣል? መምህር ገዳሙ ከየግሮሰሪው ሃያ ቆርኪ ለቀሙ፤ ውስጡ ላይ ከአንድ እስከ ሃያ ጽፈው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት። የተሳካው ምት ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚቆጥሩትን ባለ ስድስት ፊት ዳይሶች ከሉዶ መጫወቻ ወሰድን። ቆርኪዎቹ ላይ የጻፉት ግን በግእዝ ቁጥር ነበር። ፮ እና ፯ እንኳን በእሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ ታትመውም ዓይን ያሳስታሉ። ስድስቱ ላይ ነጥብ ያድርጉበት ብላቸው፣ ግእዝ ምርኩዝ አይዝም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያ ቆርኪ በወጣ ቁጥር ወደ ብርሃን አቅንተው ያዩትና፣ «ሰሙ ስድስት ነው፤ ወርቁ ሰባት» ብለው ታሪኩ በወደደው በኩል ይፈርዳሉ። ቁጥር ወርቅ የለውም አልኳቸው። የሒሳብ አስተማሪው እኔ ነኝ አሉኝ።

አራት ነበርን። እሳቸው ዳኛ ናቸው። ከድር ከደሴ የመጣ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ሐኪም የሆነ ወጣት ነው፤ በጨዋታው ባለ ጎራዴ ሆነና ራሱን «ሻለቃ» ብሎ ሾመ። ሲስተር ማርታ ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ እሷ ቁስለኛ የምታክም ሆነች፤ የለመድኩትን ሥራ ለምን እቀይራለሁ አለች። እኔ ደጋሚ ሆንኩ፤ ድግምት የምጥል። ሳምንቱን ሙሉ «ጸጥታ ይከበር» ከሚል ጽሑፍ ሥር ነው የምቀመጠው። ከዚያ ሥር ሆኜ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ «እሳት ይውረድባችሁ» ብዬ ስናገር ሦስት ሰው አንገቱን አቅንቶ ይሰማኛል። እኔ ድምፅ የነበረኝ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው ጠረጴዛው ለምን እንዳሳሰበኝ እንዲታወቅ ነው።

አሁን ወደ መስመሯ። የሕጉ ትርጉም ሲጀምር «ድግምት ይደገማል» ይላል። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ ሰው ይህን ለማንበብ አይቸገርም፤ ዳዊት ይደገማል እንደሚባለው ነው፤ በቃል ይባላል፣ በድምፅ ይወጣል ማለት ነው። አፉ የታሰረ ደጋሚ እሳት መጣል አይችልም ለማለት ነው የጻፉት፤ እንግሊዝኛውን አይቼዋለሁ። መጀመሪያ በተጫወትን ዕለት እሳቱን ጣልኩ፤ ከሽፍቶቹ ግማሹ ወደቁ። በሚቀጥለው ዙር ከድር ወረቀቱን አንስቶ፣ «ይደገማል ይላል እኮ። እንግዲያ ያው እሳት አሁንም ይወርዳል ማለት ነው?» አለ። ሳቅሁ። መደገም እዚህ ላይ ማንበብ ነው ብዬ ላስረዳው ስጀምር መምህር ገዳሙ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ኖሯል።

«አየሽ እታለም፣ ሻለቃው ወርቁን አገኘው» አሉኝ። ከድርም እየሳቀ ነበር። ሕግ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። ጎራዴ አንድ ዳይስ ነው፤ አንድ ሰው ይመታል። እሳት ስምንት ዳይስ ነው፤ አካባቢው ላይ የቆመውን ሁሉ ይፈጃል። እንግሊዝኛው መጽሐፍ ይህን የሚያደርገው ሳያስብ አይደለም፤ ደጋሚው እሳቱን በቀን ከጥቂት ጊዜ በላይ መጣል አይችልም፤ ልጓሙ እሱ ነው። መምህር ገዳሙ «ይደገማል» ሲሉ ሁለተኛው እሳት ከቁጥር አይገባም፣ በነጻ ይወርዳል ማለት ነው። ልጓሙ ወለቀ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዙር የቆመ ጠላት አላየንም።

ከድር መጀመሪያ ቀለደበት። ጎራዴዬን መዝዤ ዞር ስል የምቆርጠው ሰው የለም፤ አመድ ጠራጊ ብላችሁ ጻፉኝ አለ። ሌላ ጊዜ ቆሎውን እየቃመ፣ «እኔ እዚህ የምመጣው ለቀብር ነው» አለ። ማርታ ዳንቴሏን ይዛ መምጣት ጀመረች፤ ማንም ካልቆሰለ ምን ላክም ትላለች፤ እውነቷን ነው። እንዲህ እያለ እኔ በየሳምንቱ ብቻዬን አሸነፍኩ። ብቻዬን ማሸነፍ ብቻዬን ከመቀመጥ በምን እንደሚለይ አልታየኝም።

እናም እሳቴን ይቀንሱልኝ አልኳቸው። ዳይሱን አራት እናድርገው አልኩ። አይሆንም። ሁለተኛው እሳት ግማሹን ብቻ ይጉዳ አልኩ። አይሆንም። ሁለተኛው ከቁጥሬ ይቀነስ አልኩ። ጅራፍ የያዘ ሰው ጅራፌን አሳጥሩልኝ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ ብለው ሳቁብኝ። የሰጡኝ መልስ ሁሉ ያስቃል፤ አንዱም መልስ አይደለም።

አንድ እሑድ እነ ከድር ከወጡ በኋላ መደርደሪያዎቹ መሐል ያዝኳቸው። በቀልድ እንዳያልፉኝ በሩ በኩል ቆምኩ። ሰዎቹ እየሰለቻቸው ነው፤ ይህን አያዩም ወይ አልኳቸው። ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ። ቁራሽ ሲለምኑ ውሻ የነከሳቸው ነው።

«ጎራዴ የያዘ ሰው ምን ደከመ?» አሉኝ። «ክንዱን እናቱ ሰጠችው። ደጋሚዋ ግን አንዲት ቃል እስክትይዝ ስንት ዘመን ተርባለች። እኔ ሰባት ዓመት ለምኜ የወጣሁበት ቃል አንድ ክብሪት እንኳ ለኩሶ አያውቅም። በተረት እንኳ ቃል ያቃጥል እንጂ፣ እታለም።»

አሳዘኑኝ። አዝኜ ማቆም እችል ነበር፤ ግን ልክ አልነበሩም። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለዱ ሴቶች ጋር በማታ ትምህርት ነው፤ መማር ምን እንደሚያስከፍል የእሳቸውን ያህል ባላውቅም ከሰው አላንስም። «መምህር፣ የተማረው ሲናገር ሌላው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ካለበት፣ ያ ሰው የተማረው ለማን ነው?» አልኳቸው። ገባቸው ብዬ ከበሩ ዞር አልኩላቸው። ጃንጥላቸውን አነሱና፣ «ይኸ ያልሽው ሰሙ ነው» ብለውኝ ወጡ።

በዚህ መሐል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ በመስኮት ስታልፍ «ሁለተኛውን ድግምት ጣዪባቸው» ሲባል ሰማች። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መተት ይሠራል የሚል ወሬ መምህራን ማረፊያ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ጠሩን። በዚያ ወሬ እንጀራ ሊታጣ ይችላል። መምህር ገዳሙ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «ክቡር ዳይሬክተር፣ ሰሙን ነው የሰሙት» አሉ። ዳይሬክተሩ ቃሉ ሲገባቸው ፊታቸው ፈታ አለ፤ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ቃሉን ብቻ ለውጡት፣ ድግምት አትበሉት አሉ። ቀላል ነገር ነው፤ «ቃል» ብንለው ያልቃል። ለመምህር ገዳሙ ግን ስሙ የተለወጠ ነገር ራሱ ተለወጠ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ተከራክረው ድግምት የሚለውን አስፈቀዱ፤ በአንድ ስምምነት፣ ድምፅ ሳናሰማ። ከዚያ ወዲያ እሳት የምጥለው በሹክሹክታ ሆነ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረኝን ድምፅ ቃሉን ለማዳን ሲሉ ሸጡብኝ፤ መሸጣቸውንም አላወቁትም።

ጥቂት ሰንብተው ልጓም አበጀሁለት አሉን። ደጋሚዋ ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ካልተናገረች እሳቱ አይደገምም። እሳቸው በዚህ ሚዛኑን ያስተካከሉ መሰላቸው። እኔ ደግሞ፣ ካልገጠምኩ አይደገም፣ ጥሩ ነው ብዬ ዝም ማለት ጀመርኩ። ሦስት አራት እሑድ እንዲህ በሰላም አለፈ። ከድር ቆሎውን ትቶ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ማርታ ዳንቴሏን ቤት ተወች።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ሻለቃው ከሽፍቶቹ አለቃ ጋር ድልድዩ መሐል ላይ ለብቻው ተገናኘ። ከጅምሩ የጠበቀው ግጥሚያ ይኸ ነበር። እኔ ከአንድ ዙር በፊት እሳት ጥዬ የአለቃውን ሰዎች በትኛለሁ፤ አሁን ተራዬ ነው። መምህር ገዳሙ ስንኝ አለሽ ወይ አሉኝ። ነበረኝ። ለጨዋታው ሳይሆን ለእሳቸው ነበር የገጠምኩት፤ በአንቱታ መናገር ያቃተኝን ነገር በግጥም ልንገራቸው ብዬ ስንት ቀን በሆዴ ይዤው ነበር። የሚታረሙ መስሎኝ አልኩት፦

ይታረም እያልኩኝ ደጅ ብጠና ስንቴ፣
ገዳሙ ዝግ ሆኖ ባከነ ጩኸቴ።

ስማቸውን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ። ተሰደብኩ ብለው አይደለም። ፊታቸው በራ። «ይበል» አሉ፤ ራሳቸው አንድ ጊዜ ደገሙት፤ ገዳሙ የሚለው ላይ ቆም ብለው እየቀመሱ እንደገና ደገሙት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አድማጭ አግኝቼ አላውቅም፤ ያልኩትን አንድ ቃል አልሰሙም።

«ይደገማል» ብለው ፈረዱ። ስምንቱን ዳይስ እሳቸው ራሳቸው ወረወሩልኝ። አለቃው ተቃጠለ።

ከድር ሊወረውር በእጁ የያዛትን አንዲት ዳይስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልጮኸም። «ጋሼ፣ እኔ እንዲህ አልጫወትም» አለ። «እናንተ ቅኔ ትዘርፋላችሁ፤ እኔ ተዘረፍኩ።» ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ማርታ ተከትላው እስከ በሩ ሄዳ ብቻዋን ተመለሰች። መምህር ገዳሙ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ሰማሽው እታለም? ተዘረፍኩ አለ። ይኸ ልጅ ወርቅ ነው የተናገረው» አሉኝ። ያን ዕለት ቆርቆሮውን አንስቼ ልወረውር ምንም አልቀረኝም።

ከድር አልተመለሰም። እሳቸው ግን እሑድ እሑድ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ሳይከፍቱ በሩን ያያሉ። ያለ ከድር እንጫወት ስትላቸው ማርታ፣ ሻለቃው ሳይመጣ ድልድዩን ማን ይይዘዋል ይላሉ። እኔ ሕጉን ያስተካክሉት ይመጣል እላለሁ። እሳቸው ይመጣል ይላሉ፤ ፊተኛውን ግማሽ እንዳልሰሙ ሆነው። መንገድ ላይ ከድርን አግኝተውት ስለ ከብት በሽታ ሲጠይቁት እንደዋሉ ሰማሁ። ስለ ጨዋታው አንድ ቃል አላነሱለትም። አንዲት መስመር መሰረዝ ነበር የጠፋው። አንዲት መስመር።

ከዚያ ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስገባ አልጋው ውስጥ አጥረው ታዩኝ፤ ያ ቁመት የት እንደገባ አላውቅም። ጃንጥላው ራስጌው ላይ ተሰቅሏል። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ፈተና አወራን። ልነሳ ስል፣ «እታለም፣ ያ ነገር ስሕተት ነው» አሉኝ።

የቱ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይደገማል ያልኩት። ይነበባል ማለቴ ነበር። ልጁ አጣምሞ አነበበው፤ እኔ ደስ አለኝ፤ ተውኩት። ወርቅ የለውም።»

ዓይናቸው እስኪጨፈን ጠበቅኩ። አልተጨፈነም፤ ሁለቱም ተከፍተው ያዩኛል። ጣታቸውም ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ሁለት ዓመት የለመንኩት ቃል ይኸ ነበር፤ ሲመጣ ግን የምይዝበት አጣሁ። ታዲያ ምን ብዬ ላርመው፣ እሳቱ ስንት ዳይስ ይሁን፣ ሁለተኛው ዙር ይቅር ወይስ ይቀነስ ብዬ በጥድፊያ ጠየቅኳቸው፤ እንዲያ የተኛ ሰው ይህን አይጠየቅም። ፈገግ አሉና «ስነሳ እናየዋለን» አሉኝ።

አልተነሱም። እኔን ያናደደኝ ሞታቸው ብቻ አይደለም፤ ይህችን ትተውልኝ መሄዳቸው ነው። «ወርቅ የለውም» ያሉት ስሕተቱን ሳይሆን ሌላ ነገር ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ ገለበጥኩት። ዕድሜ ልኩን አንድም ነገር ሰሙን ብቻ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ሲሞት አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር ቢናገር ማን ያምነዋል? እሳቸው ማመንን ለእኔ አስቸጋሪ አድርገውት ነው የሄዱት።

ቀብሩ ላይ ከድርና ማርታ ከቅጥሩ ውጭ፣ ግንቡ ሥር ቆመው ነበር፤ እኔም ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ። ከውስጥ የካህናቱ ድምፅ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ከጎናችን ያለውን ሰው ዳዊት ተደግሞለታል ወይ ብለው ጠየቁት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲደገም አድሯል አላቸው። ከድር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እትዬ ባንቺ፣ ይደገማል ማለት ይኸ ነው?»

አዎ አልኩት።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ጀምሬ ነበር። አንተ ትስቅ ነበር።»

ቀብሩ እስኪያልቅ ሦስታችንም እዚያው ግንቡ ሥር ቆየን።

ከአርባቸው በኋላ ባለው እሑድ ሦስታችን እዚያው ክፍል ተገናኘን። ማን እንደጠራ አላስታውስም። ቆርቆሮውን ከዘመዶቻቸው ለምና ያመጣችው ማርታ ናት። ዳኛ የሚሆን ሲጠፋ እኔ ሆንኩ፤ እሳቱን ከሕክምናው ጋር ደርባ ማርታ ያዘች። የእሳቸው ወንበር ላይ ግን አልተቀመጥኩም፤ በጎኑ ሌላ ሳብኩ። መስመሯን ሰርዤ በምትኩ ድግምት በድምፅ ይባላል፣ የሚወርደውም አንዴ ብቻ ነው ብዬ ጻፍኩ። ቀጥ ያለ፣ የማያሻማ አማርኛ ነው። ሳነበው ምላሴ ላይ እንደ ደረቅ ቂጣ ሆነብኝ።

ያንኑ ድልድይ አወራሁላቸው። ማርታ እሳቱን ጣለች፤ በሹክሹክታ ሳይሆን በድምፅዋ፤ ማንም መጥቶ አልገሠጻትም። ሽፍቶቹ ወደቁ። አለቃው ተለብልቦ ቆመ። በድሮው ሕግ ቢሆን በሚቀጥለው ዙር አመድ ነበር። አሁን ግን አይደገምም፤ ድልድዩ ላይ የቀረው የከድር ነው። ሁለት ዓመት የተሟገትኩለት ነገር ይኸው ፊቴ ቆሟል፤ ወንበሩን አየሁት። ከማን ጋር ልሟገት?

ሻለቃው ለመምታት ሰባት ወይም ከሰባት በላይ ያስፈልገዋል። ከድር እጁን ቆርቆሮው ውስጥ ከቶ ቆርኪዎቹን ብዙ አማሰላቸው። አንዱን አውጥቶ አየው። አዙሮ አየው። ምንም ሳይል ወደ እኔ ገፋው።

ያው ቆርኪ ነው። ጠርዙ ዝጓል፤ ቀለሙ ፈዟል፤ ፮ ይሁን ፯ የሚለይ የለም። ለሌላ ሰው የለም። እኔ ግን የእጅ ጽሑፋቸውን አውቀዋለሁ፤ ሰባታቸው እግሩን ወደ ቀኝ ይሰብራል። መስኮቱ ድረስ ይዤው ሄድኩ። አልተሰበረም።

«ስድስት ከሆነ ስድስት በዪ» አለ ከድር ከኋላዬ። «አልሄድም።»

ተመልሼ ቆርኪውን ፊቱ አስቀመጥኩት።

«ሰሙ ስድስት ነው» አልኩ።

ማርታ ቀና አለች። «ወርቁስ?»

«ሰባት።»

ከድር ቆርኪውን አላየውም፤ እኔን ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ ነው ግራ ዓይኔ መጨፈኑን ያወቅኩት። ፈገግ ብሎ ዳይሱን አነሳ።